ከሰማይ የወደቀው ብረትና ሁለቱ ፈላጊዎች

ሰው በሰው ላይ ሲፈርድ ብዙ ጊዜ የሚመለከተው የነገሩን መጨረሻ ነው። ያገኘውን ብልኅ፥ ያጣውን ሞኝ ይለዋል። ነጋዴ ቢያተርፍ ዐዋቂ ነበረ ይባላል፤ ቢከስር ግን ቀድሞውንም አላሰበበትም ይባላል። ይህ ዐይነት ፍርድ በገበያ ነገር ጥቂት ያስኬድ ይሆናል። በዕውቀት ነገር ግን ከባድ ጥያቄ ያመጣል። ይኸውም፤ በቅን ልብና በጥንቃቄ መርምሮ የተሳሳተ ሰው አለ፤ ሀብት ለማግኘት ሲሮጥ እውነቱን ያገኘ ሰውም አለ። ከሁለቱ ክብር የሚገባው ለማን ነው?

ይህ ጥያቄ ለክርክር ብቻ የተፈጠረ አይደለም። በአሜሪካ አገር፥ በአሪዞና ምድረ በዳ፥ ባንድ ታላቅ ጕድጓድ አፋፍ ላይ ሁለት ሰዎች በየጊዜያቸው ቆመው ነበርና፥ ነገሩ በእነርሱ ሕይወት ላይ በግልጥ ታይቷል። የሁለቱን ታሪክ አስቀድሞ መስማት፥ ፍርዱንም ከዚያ በኋላ መስጠት ይሻላል። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ስፍራው ሜዳ ነው። ዛፍ የለበትም፤ ዝናቡም ጥቂት ነው። መንገደኛ ከሩቅ ሲያየው ዝቅ ያለ ኰረብታ ይመስለዋል። ወጥቶ ጫፉ ላይ በደረሰ ጊዜ ግን ምድር በድንገት ከእግሩ በታች ተከፍታ ያገኛታል። ጕድጓዱ ከዳር እስከ ዳር 1,200 ሜትር ያህል ስፋት፥ 170 ሜትር ያህልም ጥልቀት አለው። ዙሪያውን የከበበው ጠርዝ ከሜዳው በላይ 45 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በጠርዙ ላይና በዙሪያው ባለው ሜዳ የብረት ስባሪ ተበትኖ ይገኝ ነበር። ብረቱ ኒኬል የተቀላቀለበት ስለ ሆነ፥ ከሰማይ የወደቀ መሆኑን የማዕድን ዐዋቂዎች ለመረዳት አልተቸገሩም። በ1891 ዓ.ም. ፉት የሚባል የማዕድን ዐዋቂ ይህን ብረት መርምሮ በውስጡ ጥቃቅን አልማዝ እንዳለበት አስታወቀ። ብረቱ ከሰማይ መምጣቱ እንዲህ ታወቀ፤ ጕድጓዱ ከምን እንደ ተሠራ ግን ገና አልታወቀም ነበር።

በዚያው ዓመት ግሮቭ ካርል ጂልበርት ወደ ስፍራው ሄደ። ይህ ሰው በአሜሪካ መንግሥት የመሬት ጥናት መሥሪያ ቤት ውስጥ ከነበሩት ታላላቅ ሊቃውንት አንዱ ነው። ወደዚያ የወሰደውም አንድ ደስ የሚያሰኝ ሐሳብ ነበር፤ ምናልባት ከሰማይ የወረደ ታላቅ የብረት አካል ምድርን መትቶ ይህን ጕድጓድ ከፍቶት ይሆናል ብሎ አሰበ። ነገር ግን ሐሳቡ ደስ ስላሰኘው ብቻ ሊያምነው አልፈለገም። ስለዚህ ሁለት ፈተና አዘጋጀለት።

የመጀመሪያው ፈተና በማግኔት ነበር። ያን የሚያህል ብረት ከጕድጓዱ በታች ተቀብሮ ከሆነ፥ የማግኔትን መርፌ ከአቅጣጫው ማዛባት ይገባዋል። ሁለተኛው ፈተና በስፍር ነበር። የወደቀው አካል የጕድጓዱን ከፊል ሞልቶ ተቀምጦ ከሆነ፥ ወደ ውጭ ተጥሎ በጠርዙ ላይ የተከመረው አፈርና ድንጋይ፥ ዛሬ ከሚታየው ባዶ ስፍራ በልጦ መገኘት አለበት። ጂልበርት ከረዳቶቹ ጋር መሬቱን በጥንቃቄ ለካ። መርፌው ምንም አልተዛባም። የተከመረው አፈርም ተሰፍሮ ከባዶው ስፍራ ጋር ትክክል ሆነ። እንግዲህ ከበታች የተቀበረ ነገር የለም ማለት ነው። ጂልበርትም ከዚህ ተነሥቶ ከሰማይ የወደቀ አካል አልነበረም ብሎ ደመደመ። ከዚያ ስፍራ ብዙ ሳይርቅ የቀድሞ እሳተ ገሞራዎች አሉና፥ ከምድር በታች የታፈነ እንፋሎት ፈንድቶ ጕድጓዱን ከፍቶት ይሆናል አለ። በሜዳው ላይ የተገኘው ብረት ግን በአጋጣሚ እዚያ የወደቀ ነው ብሎ ተወው።

ይህን ውሳኔ በ1895 ዓ.ም. በአደባባይ ንግግር አሰማ። የንግግሩም ዋና ነገር ጕድጓዱ አልነበረም፤ ሰው ሐሳብን እንዴት እንደሚያገኝና እንዴት እንደሚፈትን ለማስተማር ጕድጓዱን ምሳሌ አደረገው። መደምደሚያ ሁሉ አዲስ ማስረጃ በመጣ ጊዜ እንደገና ሊታይ እንደሚገባውም አልሸሸገም። የሚያስደንቀው ግን ሌላ ነው። ይኸው ሰው በ1892 ዓ.ም. በዋሽንግተን ከተማ ሌሊት ሌሊት በቴሌስኮፕ ጨረቃን ይመለከት ነበር። በጨረቃ ፊት ላይ የሚታዩት ክብ ጕድጓዶች ከሰማይ በወደቁ አካላት የተሠሩ መሆናቸውንም ጽፎ በሚቀጥለው ዓመት አሳተመ፤ ይህም እውነት ሆኖ ተገኝቷል። ጂልበርት 384,000 ኪሎ ሜትር ርቃ ስላለችው ጨረቃ ትክክል ተናገረ፤ በእግሩ ስለ ረገጠው ጕድጓድ ግን ተሳሳተ።

ሁለተኛው ሰው ዳንኤል ባሪንገር ይባላል። ሕግ የተማረ፥ ኋላም የማዕድን መሐንዲስ የሆነ፥ በአሪዞና በብር ማዕድን ባለጠጋ የሆነ ሰው ነበር። በ1902 ዓ.ም. የጕድጓዱን ወሬ ሰማ፤ በ1903 ዓ.ም. መሬቱን በሕግ አስመዝግቦ ኩባንያ አቆመ። አሳቡ ግልጥ ነው። ጕድጓዱን የከፈተው ከሰማይ የወረደ ብረት ከሆነ፥ ያ ብረት ከበታች ተቀብሮ ይገኛል፤ በውስጡም ኒኬልና ሌላ ውድ ማዕድን አለ። ቈፍሮ ያወጣው ሰው ከባለጠጎች ሁሉ ይበልጣል።

ባሪንገር ሀብት ፈላጊ ቢሆንም ዐይኑ ሰነፍ አልነበረም። ከባልደረባው ከቤንጃሚን ቲልማን ጋር ስፍራውን መርምሮ ያገኘውን በ1906 ዓ.ም. አሳተመ። በጕድጓዱ ውስጥና በዙሪያው ከእሳተ ገሞራ የወጣ ድንጋይ አልተገኘም። የአሸዋ ድንጋዩ እንደ ዱቄት ልሞ፥ በሚሊዮን በሚቈጠር ቶን ተከምሮ ተገኘ፤ እንፋሎት ድንጋይን ይሰብራል እንጂ እንዲህ አድርጎ አይፈጨውም። የብረቱ ስባሪ ከተጣለው ድንጋይ ጋር ተደባልቆ ስለ ተገኘ፥ ብረቱ የወደቀውና ጕድጓዱ የተከፈተው ባንድ ጊዜ መሆኑ ታወቀ። ከሁሉም ይልቅ የጠርዙ አሠራር ምስክር ሆነ። በሜዳው ላይ የድንጋዩ ንጣፎች በተፈጥሮ ተራቸው ተነባብረዋል፤ ከላይ ቀዩ፥ ከእርሱ ሥር የኖራው፥ ከዚያም በታች ነጩ የአሸዋ ድንጋይ አለ። በጠርዙ ላይ ግን እንደ መጽሐፍ ገጽ ተገልብጠው የታችኛው ከላይ፥ የላይኛው ከታች ሆኖ ይገኛል።

በዚህ ነገር ባሪንገር ትክክል ነበረ። ዛሬ የሚጠራጠር የለም። በዚያን ጊዜ ግን ብዙዎቹ ሊቃውንት አልተቀበሉትም። ምክንያታቸው ሁለት ነበር። አንደኛው የጂልበርት ስም ነው፤ እንዲህ ያለ ታላቅ ሰው የወሰነውን ነገር ማን ይመልሰዋል? ሁለተኛው የባሪንገር ዓላማ ነው፤ አክሲዮን የሚሸጥ ሰው የሚናገረውን ማን ያምነዋል? ጂልበርትም እስከ ሞተበት እስከ 1918 ዓ.ም. ድረስ ለዚህ ጽሑፍ በአደባባይ መልስ አልሰጠም።

ከዚህ በኋላ የባሪንገር ታሪክ የቍፋሮ ታሪክ ሆነ። መጀመሪያ የጕድጓዱን መካከል ቈፈረ፤ ምንም አላገኘም። ቀጥሎ ጥይት ወደ ጭቃ እየተኰሰ ሞከረ፤ ጥይቱ በስለት ቢገባም የሚተወው ቀዳዳ ክብ መሆኑን አየ። እንግዲያው ብረቱ በስለት መጥቶ ከደቡቡ ጠርዝ በታች ገብቶ ይሆናል ብሎ ወደዚያ ዞረ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ በደቡቡ ጠርዝ ላይ መሰርሰሪያው ከ400 ሜትር የሚበልጥ ጥልቀት ከገባ በኋላ ተቀርቅሮ ቀረ። ባሪንገር መሰርሰሪያው የቆመው ብረቱን ስለ ነካ ነው ብሎ ደስ አለው። ገንዘብ ግን አለቀ። የራሱ ገንዘብ ባለቀ ጊዜ የሌሎች ሰዎች ገንዘብ ተጨመረ።

በ1929 ዓ.ም. ገንዘብ ካወጡት ሰዎች ወገን፥ የብረቱ መጠን በሒሳብ እንዲታወቅ ተፈለገና ፎረስት ሬይ ሞልተን የሚባለው የከዋክብት ሊቅ ተጠየቀ። ሞልተን አስልቶ፥ ይህን ጕድጓድ ለመክፈት ባሪንገር ተስፋ እንዳደረገው በብዙ ሚሊዮን ቶን የሚመዘን ብረት አያስፈልግም፤ 300,000 ቶን ያህል ይበቃል፤ እርሱም በምቱ ኃይል አብዛኛው ጠፍቷል ብሎ መለሰ። ባሪንገር ተከራከረ። ሞልተን በኅዳር ወር ከመቶ ገጽ የሚበልጥ ሁለተኛ መልስ ጻፈ። ያ ጽሑፍ ከደረሰ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፥ በኅዳር 30 ቀን 1929 ዓ.ም. ባሪንገር በልብ ድካም ሞተ። ሀያ ስድስት ዓመት የፈለገው ብረት ከቶ አልተገኘም።

አሁን ጕድጓዱ በእርግጥ እንዴት እንደ ተሠራ መናገር ያስፈልጋል፤ የሁለቱም ስሕተት የሚታየው በዚህ ነውና።

ድንጋይ ወደ ጭቃ የወረወረ ሰው ድንጋዩን ከቀዳዳው ውስጥ ያገኘዋል። ከጠፈር የሚመጣ ታላቅ አካል ግን እንዲህ አይደለም። ምድር በስበቷ ብቻ እንኳ ከሩቅ የመጣውን አካል በሴኮንድ ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ታፈጥነዋለች። በዚህ ፍጥነት የሚሄድ ብረት፥ ከራሱ ጋር በክብደት ትክክል የሆነ ዲናሚት ሲፈነዳ ከሚሰጠው ኃይል ከአሥር እጥፍ በላይ ኃይል ይሸከማል። መሬቱን በነካ ጊዜ ታላቅ የግፊት ማዕበል ወደ ድንጋዩና ወደ ራሱ ወደ ብረቱ ይገባል። ብረቱ ይደቅቃል፥ ይቀልጣል፥ ከፊሉም ይተናል። ያ ማዕበል በሁሉም አቅጣጫ እየሰፋ ድንጋዩን ወደ ታችና ወደ ጐን ይገፋዋል፤ ከዚያም ወደ ላይና ወደ ውጭ ይወረውረዋል። ጠርዙም ይነሣል፥ ንጣፉም ይገለበጣል። የላላው ድንጋይ ከግድግዳው ላይ ወደ ታች ተንዶ ወለሉን ይሞላል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ነው። የአሪዞናው ጕድጓድ የተሠራው ከ50,000 ዓመት ያህል በፊት፥ 50 ሜትር ያህል ወርድ ባለው የብረት አካል ነው። ጕድጓዱ ከመታው ነገር ከሀያ እጥፍ በላይ ይሰፋል።

እንግዲህ ይህ እንደ ፍንዳታ የሚቈጠር ነው። ፍንዳታ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ስለሚገፋ፥ የወደቀው አካል እጅግ ተጋድሞ ካልመጣ በቀር ጕድጓዱ ክብ ይሆናል። ጂልበርት የጨረቃ ጕድጓዶች ክብ ስለ መሆናቸው ብዙ የተጨነቀበት ምሥጢር ይህ ነበረ። በ1924 ዓ.ም. ጊፎርድ የሚባል የኒው ዚላንድ መምህር ይህን በሒሳብ አስረድቶ ጽፎ ነበር፤ ያነበበው ሰው ግን ጥቂት ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ ልብ ይበል። ጂልበርትና ባሪንገር ተቃራኒ ነገር ቢናገሩም፥ ሁለቱም የቆሙት ባንድ መሠረት ላይ ነበር። ሁለቱም ጕድጓዱን የከፈተው ነገር በጕድጓዱ ውስጥ መገኘት አለበት ብለው አመኑ። ጂልበርት የለም፤ ስለዚህ አልወደቀም አለ። ባሪንገር ወድቋል፤ ስለዚህ አለ አለ። መሠረቱን ግን አንዳቸውም አልመረመሩትም። በጠላትነት የሚከራከሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ሳያውቁት በሚስማሙበት ነገር ይሳሳታሉ፤ በሚለያዩበት ነገር ላይ ሁሉም ይነቃል፥ በሚስማሙበት ነገር ላይ ግን የሚነቃ የለም።

ክርክሩን የፈጸመው ሦስተኛ ሰው ነው። ዩጂን ሹሜከር የሚባለው የመሬት ጥናት ሊቅ በኔቫዳ ምድረ በዳ የአቶሚክ ቦምብ በተሞከረበት ስፍራ የተከፈቱትን ጕድጓዶች መረመረ፤ በእነዚያም ጠርዝ ላይ ንጣፉ እንደ አሪዞናው ተገልብጦ አገኘው። በ1953 ዓ.ም. ሎሪንግ ኮስ የሚባል የኬሚስትሪ ዐዋቂ የአሸዋን ማዕድን ከአየር ግፊት ከ20,000 እጥፍ በላይ በሆነ ግፊት ጨቍኖ ሌላ ማዕድን አውጥቶ ነበር፤ ስሙም በእርሱ ስም ኮኤሳይት ተባለ። በ1960 ዓ.ም. ሹሜከርና ባልደረቦቹ ይህንኑ ማዕድን በአሪዞናው ጕድጓድ አሸዋ ውስጥ አገኙት። በምድር ገጽ ላይ እንዲህ ያለ ግፊት የሚሰጥ እንፋሎት ወይም እሳተ ገሞራ የለም። ከተቀበረው ብረት ይልቅ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት መሰከረች።

ምስክርነቱም በአሪዞና ብቻ አልቀረም። በጀርመን አገር በባቫርያ ኖርድሊንገን የሚባል ከተማ አለ። ከተማው ያለበት ሜዳ 24 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ ነው፤ ብዙ ሊቃውንትም የጥንት እሳተ ገሞራ ነው ይሉት ነበር። የከተማው ሰዎች በ15ኛው መቶ ዓመት ታላቁን የቅዱስ ጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን ከዚያው አካባቢ በተፈለጠ ድንጋይ መሥራት ጀመሩ። ሹሜከር ወደዚያ በሄደ ጊዜ በቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ላይ ያለውን ድንጋይ ተመልክቶ ምንነቱን እንደ ተረዳ ይነገራል። በዚያ አገር ድንጋይ ውስጥም ኮኤሳይት ተገኘ። ሜዳው ከ15 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከሰማይ የወደቀ አካል የከፈተው ጕድጓድ ነው። የከተማው ሕዝብ አምስት መቶ ዓመት ያህል የሰማይ ምት ያቀለጠውን ድንጋይ ግንብ አድርጎ በውስጡ ሲጸልይ ኖሯል፤ ምስክሩ በዐይኑ ፊት ቆሞ ሳለ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ከዚህ ወዲህ ጕድጓዶች እንደ መጽሐፍ ተነበቡ። ከ1969 እስከ 1972 ዓ.ም. ወደ ጨረቃ የሄዱት ሰዎች ያመጡት ድንጋይ አብዛኛው በእንዲህ ያለ ምት የተሰባበረና የቀለጠ ነበር፤ ብዙውም ወደ 3.9 ቢሊዮን ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለው ሆኖ ተገኘ። ጨረቃ ዝናብና ወንዝ ስለሌላት ጠባሳዋን ጠብቃ ትኖራለች። ምድር ግን እንደዚያው ተመትታ ሳለ ጠባሳዋን በዝናብ ታጥበዋለች፥ በደለል ትሸፍነዋለች፥ በመሬት እንቅስቃሴም ታጠፋዋለች፤ ዛሬ በእርግጥ የታወቀው 200 ያህል ብቻ ነው። የጕድጓዱ ስፋት የምቱን ኃይል፥ የተገለበጠው ንጣፍ በምድር ውስጥ የነበረውን፥ የቀለጠው ድንጋይ ዘመኑን ይናገራል። የመታው ጠፍቶ የተመታው ይመሰክራል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መመለስ ይቻላል። ክብር የሚገባው ለማን ነው?

አንዱ ወገን ለጂልበርት ይላል። ሰው የሚጠየቀው በልቡ ቅንነትና በድካሙ ጥንቃቄ ነው፤ ውጤቱ በእጁ አይደለም ይላል። ጂልበርት ደስ የሚያሰኘውን ሐሳብ ራሱ ፈትኖ ራሱ ጣለው፤ ይህን ለማድረግ የሚችል ሰው ጥቂት ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ቅንነት ብቻውን አይበቃም። ብረቱ በሜዳው ላይ ተበትኖ ሳለ አጋጣሚ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነገር አልነበረም። ደግሞም የታላቅ ሰው ስሕተት እንደ ታናሽ ሰው ስሕተት አይደለም፤ ስሙ በር ሆኖ ሌሎቹን ለብዙ ዓመት ከመመርመር ከልክሏቸዋል። መልስ መስጠት በሚገባው ጊዜ ዝም ማለቱም በቀላል አይታይም።

ሌላው ወገን ለባሪንገር ይላል። እውነት የአግኚዋን ዓላማ አትጠይቅም፤ ለትርፍ የተቈፈረ የውኃ ጕድጓድም ጥም ይቈርጣል ይላል። ለዚህም ሌላ ምሳሌ አለ። በ1980 ዓ.ም. ሉዊስና ዋልተር አልቫሬዝ ከባልደረቦቻቸው ጋር፥ በጥንት ዘመን ታላላቅ አራዊት የጠፉት ከሰማይ በወደቀ አካል ምክንያት ነው ብለው ጻፉ። የምቱን ስፍራ ግን አላወቁም። በሚቀጥለው ዓመት ፔንፊልድና ካማርጎ የሚባሉት፥ ለሜክሲኮ የነዳጅ ዘይት መሥሪያ ቤት ይሠሩ የነበሩት ሰዎች፥ በዩካታን ምድር ሥር የተቀበረ ታላቅ ክብ ነገር ማግኘታቸውን ቢናገሩ የሰማቸው ጥቂት ነው። ስፍራው የሊቃውንትን ብዙ እምነት ያገኘው በ1991 ዓ.ም. ነው። እነዚህ ሰዎች ወደዚያ የተላኩት ዘይት ፍለጋ ነበር፤ ያም የተናገሩትን ሐሰት አላደረገውም። ስለዚህ የተናጋሪውን ዓላማ አይቶ ማስረጃውን መናቅ ከፍርድ መጕደል ነው።

ይህም ቢሆን ባሪንገርን ከነቀፌታ አያወጣውም። እርሱ ሁለት ነገር ተናግሯል። አካሉ ከሰማይ ወድቋል ያለው፥ ዐይኑ ባየው ድንጋይ ላይ የቆመ ቃል ነው። ብረቱ ከበታች አለ ያለው ግን፥ ልቡ በተመኘው ነገር ላይ የቆመ ነው። በመጀመሪያው ማሸነፉ ሁለተኛውንም እንደ ተረጋገጠ አድርጎ አሳየው። ሰዎች ስለ መጀመሪያው ያለ አግባብ ስላቃለሉት፥ ስለ ሁለተኛው የሚቃወመውን ሁሉ እንደ ቀድሞዎቹ ቈጠረው። በዚህ ዐይነት የተበደለ ሰው በብዙ ይፈተናል፤ አንድ ጊዜ በግፍ ተንቆ እውነተኛ ሆኖ የተገኘ ሰው፥ የተናቀ ነገሩ ሁሉ እውነት ይመስለዋልና። በዚህም ላይ የራሱን ገንዘብ ብቻ ቢያጠፋ ኖሮ ጕዳቱ የራሱ ነበር፤ የሌሎችን ገንዘብ በተስፋው ላይ ሲያስይዝ ግን፥ የሚያውቀውን ከሚመኘው ለይቶ የመንገር ዕዳ ነበረበት።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነው ነገር ደግሞ ይህ ነው። የጂልበርት መለኪያ እውነት ተናግሮ ነበር። መርፌው አልተዛባም፥ ስፍሩም ትክክል ሆነ፤ ሁለቱም ከበታች የተቀበረ ነገር የለም ብለው መሰከሩ፤ በእርግጥም የለም። ጂልበርት የተሳሳተው ከዚያ በኋላ በደመደመው ነው። የባሪንገርም ድንጋይ እውነት ተናግሮ ነበር፤ ከሰማይ ወድቋል ብሎ መሰከረ፤ በእርግጥም ወድቋል። የአንዱ ማስረጃ ከሌላው ማስረጃ ጋር ተደምሮ ቢሆን ኖሮ፥ ወድቋል፥ ነገር ግን የለም፤ እንግዲያስ ወዴት ሄደ? የሚለው ጥያቄ ወዲያው በተነሣ ነበር። በዚህም ጥያቄ ወደ እውነቱ በተደረሰ ነበር። ጂልበርት የባሪንገርን ድንጋይ ቢሰማ ስሙ ከስሕተት በዳነ፤ ባሪንገርም የጂልበርትን መለኪያ ቢሰማ ሀያ ስድስት ዓመትና ብዙ ገንዘብ በተረፈው ነበር። የእውነት እኩሌታ በእያንዳንዳቸው እጅ ነበረች፤ የቀረው እኩሌታ በሚንቁት ሰው እጅ ስለ ነበረ ሊያዩት አልቻሉም።

ስለዚህ ክብርን ጠቅልሎ ለአንዱ መስጠት፥ ነቀፌታንም ጠቅልሎ በሌላው ላይ መጫን ትክክለኛ ፍርድ አይሆንም። ሰው የሚከበረው ራሱን ለማስረጃ ባስገዛበት መጠን ነው፤ የሚነቀፈውም ማስረጃን ለራሱ ባስገዛበት መጠን ነው። ጂልበርት በመለኪያው ይከበር፥ በዝምታው ይነቀፍ። ባሪንገር በዐይኑ ይከበር፥ በምኞቱ ይነቀፍ። የጂልበርትን ስም ተጠግተው፥ ወደ ጕድጓዱ ሳይሄዱ ከባሪንገር ጽሑፍ ፊታቸውን የመለሱት ሊቃውንት ግን በክብሩ ድርሻ የላቸውም፤ እነርሱ ለመሳሳት እንኳ አልደከሙምና።

ከሁለቱም የተረፈ አንድ መልካም ነገር አለ። ሁለቱም የሠሩትን ጽፈው ትተዋል። ጂልበርት የለካበትን መንገድ፥ ባሪንገር ያየውን ድንጋይና የቈፈረውን ጥልቀት ለሚመጣው ሰው አቈይተዋል። ሹሜከር በጠርዙ ላይ በቆመ ጊዜ ብቻውን አልነበረም። የተሳሳተ ሰው ሥራ እንኳ ሳይሸሸግና ሳይቀባባ ከተጻፈ፥ ለሚያርመው ሰው መሰላል ይሆናል። ከሰው የሚፈለገውም ከቶ አለመሳሳት አይደለም፤ ይህ ለሰው አልተሰጠውምና። የሚፈለገው ስሕተቱ የሚገኝበትን መንገድ አለመዝጋት ነው።

ሹሜከር በ1997 ዓ.ም. በአውስትራልያ ጕድጓዶችን ለመመርመር በሄደበት በመኪና አደጋ ሞተ። ከአስከሬኑ አመድ ጥቂቱ በአንዲት የጠፈር መንኰራኵር ተጭኖ፥ በሐምሌ 31 ቀን 1999 ዓ.ም. መንኰራኵሯ ወደ ጨረቃ ተጥላ ከደቡብ ጫፏ አጠገብ ወደቀች። ዕድሜውን በሙሉ የወደቁ ነገሮችን ምልክት ሲያነብ የኖረ ሰው፥ በመጨረሻው ጂልበርት ከቴሌስኮፕ በታች ሆኖ በተመለከታት ጨረቃ ላይ ራሱ ወደቀ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ቃሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ንጋት ሰው ቢተኛም ይነጋል፥ እውነት ግን የሚተጋላት ሰው ትሻለች። ስለዚህ ከባልንጀራው ጋር የሚከራከር ሰው፥ ባልንጀራው የያዘው ድንጋይ ምን እንደሚናገር ከመፍረዱ በፊት ጆሮውን ያዘንብል። ትክክል መሆን ከመስማት ነጻ አያወጣም፤ የተሳሳተውም ሰው ሊነገረን የሚገባውን እኩሌታ ይዞ ሊሆን ይችላልና።